73939133፦ ከቀኝ እየቆረጡት ብቸኛነቱን የማይለቅ ቁጥር

የፒያሳው ሒሳብ ሠራተኛ ጠየቀ፦

ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ በሚገኝ አንድ ቢሮ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በሒሳብ ሠራተኛነት አገልግያለሁ። ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር የምውል ሰው ብሆንም፣ ቁጥር ለእኔ የአንድ ሰው ደመወዝ ወይም የአንድ ዕቃ ዋጋ እንጂ የራሱ ጠባይ ያለው ነገር ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን እንደተቀመጥን፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የባልደረባዬ ልጅ በደረሰኝ ጀርባ ላይ 73939133 ብሎ ጻፈና፣ «ጋሼ፣ ይህ ብቸኛ ቁጥር ነው። ከቀኝ በኩል የመጨረሻውን አሃዝ ቢሰርዙት የሚተርፈውም ብቸኛ ነው፤ አሁንም ቢሰርዙ እንደዚያው ነው። አንድ አሃዝ እስኪቀር ድረስ ይህ ጠባዩ አይለቀውም። ከዚህ የሚበልጥ እንዲህ ያለ ቁጥር ደግሞ የለም» አለኝ። እኔም አላመንኩምና በማኪያቶ ተወራረድን።

ልጁ የሚለው እንግዲህ 73939133፣ 7393913፣ 739391፣ 73939፣ 7393፣ 739፣ 73 እና 7 ስምንቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው ነው። ብቸኛ ቁጥር፣ ተማሪዎቹ ፕራይም የሚሉት፣ ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ሙሉ ቁጥር መሆኑን ከትምህርት ቤት አስታውሳለሁ። 73ን በቃሌ፣ 739ን ደግሞ ለ2፣ ለ3፣ ለ5 እያልኩ እስከ 23 ድረስ በማካፈል አረጋግጫለሁ። ከ7393 ጀምሮ ያለውን ግን በካልኩሌተር ጀምሬው ሰለቸኝና ተውኩት።

እንድታስረዱኝ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ይህን የሚያህል ቁጥር ብቸኛ መሆኑን በኮምፒዩተር ሳይሆን በወረቀትና በእርሳስ ማረጋገጥ የሚቻልበት መንገድ አለ ወይ? ሁለተኛውና የበለጠ የከነከነኝ፣ ቁጥር ማለቂያ የሌለው ሆኖ ሳለ «ከዚህ የሚበልጥ የለም» ብሎ በእርግጠኝነት መናገር እንዴት ይቻላል?


የሳይንስ ፋኩልቲው ተማሪ መለሰ፦

ጋሼ፣ ልጁ በሁለቱም ነገር ትክክል ስለሆነ ማኪያቶውን ይክፈሉ። እኔ እዚያው አራት ኪሎ ሒሳብ የማጠና ተማሪ ነኝ፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ ልሞክር።

አንድ ቁጥር ብቸኛ ካልሆነ ከስኩዌር ሩቱ የማይበልጥ ብቸኛ አካፋይ ሊኖረው ግድ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ከስኩዌር ሩቱ የሚበልጡ ቁጥሮች ቢባዙ ቁጥሩን አልፈው ይሄዳሉ። እርስዎም 739ን ሲፈትኑ 23 ላይ ያቆሙት በዚሁ ምክንያት ነው። የ8598 ካሬ 73925604፣ የ8599 ካሬ ደግሞ 73942801 ስለሆነ የእኛ ቁጥር በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ስለዚህ እስከ 8598 ድረስ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል። ነገር ግን «ይበቃል» ማለት ቀላል ነው እንጂ፣ እስከ 8000 ድረስ ብቻ 1007 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ፤ በቀን አምሳ ማካፈል ቢሠሩ ከሃያ ቀን በላይ ይፈጅብዎታል። ለ7393 ግን የሚያስፈልገው ከ2 እስከ 83 ያሉትን 23 ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ብቻ ስለነበር፣ ያንን በመተውዎ ትንሽ ታዝቤዎታለሁ።

የሚያስደስተው ነገር ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ስምንቱን ቁጥሮች ለየብቻ መፈተን እንዳለብዎ አስበው ከሆነ አይደለም። በልጅነታችን የተማርነው ረጅም ማካፈል ስምንቱንም በአንድ ጊዜ ይፈትናቸዋል። ለምሳሌ 73939133ን ለ7 ሲያካፍሉ መጀመሪያ 7ን ይወስዳሉ፤ ቀሪ 0። ቀጥሎ 3ን ያወርዳሉ፤ 3 ይተርፋል። 9ን ሲያወርዱ 39 ይሆንና 4 ይተርፋል። 3ን ሲያወርዱ 43 ይሆንና 1 ይተርፋል። እንዲህ እየቀጠሉ ሲሄዱ በቅደም ተከተል የሚያገኟቸው ቀሪዎች 0፣ 3፣ 4፣ 1፣ 5፣ 2፣ 2፣ 2 ናቸው። እነዚህ ቀሪዎች ወደ መጨረሻው መልስ የሚያደርሱ መሸጋገሪያዎች ብቻ አይደሉም፤ ሁለተኛው የ73 ቀሪ ነው፣ ሦስተኛው የ739፣ አራተኛው የ7393፣ እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። የመጀመሪያው 0 የሆነው ቁጥሩ ራሱ 7 ስለሆነ ነው፤ ይህ አይቆጠርበትም። ከዚያ በኋላ 0 ስላልመጣ 7 ከሰባቱ ቁጥሮች አንዱንም እንደማያካፍል በአንድ መስመር ተረጋገጠ ማለት ነው።

ለ13 ሲያካፍሉ ቀሪዎቹ 7፣ 8፣ 11፣ 9፣ 8፣ 3፣ 7፣ 8 ይሆናሉ። ለ11 ሲያካፍሉ 7፣ 7፣ 2፣ 1፣ 8፣ 4፣ 10፣ 4 ይሆናሉ። እንዳያምኑኝ፤ ራሳችሁ ሥሩት። በካልኩሌተር የሚሠራ ሰው የመጨረሻውን ውጤት ብቻ ስለሚያይ ይህ ሁሉ ከዓይኑ ይሰወርበታል። በወረቀት መሥራት ካልኩሌተርን የሚበልጥበት እንዲህ ያለ ጊዜ አልፎ አልፎ ይገጥማል።


ጡረተኛው መምህር መለሰ፦

ተማሪው ስለ ማካፈል የሰጠው ማብራሪያ ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ ቁጥሩ ለምን ይህን መልክ እንደያዘ አልነገረንም። ለብዙ ዓመታት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምኩ ሰው ስለሆንኩ፣ መልስ ከማግኘት ይልቅ መልሱ ሌላ መልክ ሊኖረው ያልቻለበትን ምክንያት ማየት ይበልጥ ያስደስተኛል።

ወንድሜ፣ አሃዞቹን ልብ ብለህ ተመልከታቸው፤ 7፣ 3፣ 9፣ 3፣ 9፣ 1፣ 3፣ 3። ተጋማሽ አሃዝ የለም፤ 5 የለም፤ ዜሮ የለም። ይህ አያስገርምም፤ ከመጀመሪያው አሃዝ በቀር እያንዳንዱ አሃዝ በተራው የመጨረሻ አሃዝ መሆኑ ስለማይቀር፣ በተጋማሽ አሃዝ፣ በ5 ወይም በዜሮ የሚያልቅ ትልቅ ቁጥር ደግሞ ብቸኛ ሊሆን ስለማይችል፣ ከ1፣ 3፣ 7 እና 9 ውጭ ማስገባት ክልክል ነው። የመጀመሪያው አሃዝ ግን ብቻውን ሲቀር ብቸኛ መሆን ስላለበት 2፣ 3፣ 5 ወይም 7 ነው። እስከዚህ ማንም ይደርስበታል።

አሁን ደግሞ የ3ን ነገር እንመልከት። አንድ ቁጥር ለ3 ሲካፈል የሚተርፈው፣ የአሃዞቹ ድምር ለ3 ሲካፈል የሚተርፈው ነው። 3 ወይም 9 ከኋላ ሲጨመር ይህ ቀሪ አይለወጥም። 1 ወይም 7 ሲጨመር ግን ቀሪው በአንድ ከፍ ይላል። ከ7 ስንነሣ ቀሪው 1 ነው። አንድ ጊዜ 1 ወይም 7 ብንጨምር ቀሪው 2 ይሆናል። ሁለተኛ ጊዜ ብንጨምር ግን ድምሩ የ3 ብዜት ይሆንና ቁጥሩ ይበላሻል። እንግዲህ በ7 የሚጀምር እንዲህ ያለ ቁጥር ከመጀመሪያው አሃዝ በኋላ 1 ወይም 7 የሚያስገባው ቢበዛ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ 3 እና 9 ብቻ ሊሆን የግድ ነው። የእኛ ቁጥር በአምስተኛው አሃዝ እስከ 9 ድረስ በ3 እና በ9 ከሄደ በኋላ በስድስተኛው ላይ ያችን አንድ ዕድሉን በ1 ተጠቀመባት። ከዚያ በኋላ የተከተሉት ሁለቱም 3 ናቸው። አሃዞቹ ዝም ብለው የተበተኑ ይመስሉ ነበር፤ ነገር ግን በጠባብ ደጅ ያለፉ ናቸው።

በ2 ወይም በ5 የሚጀምር ቁጥር ደግሞ ገና ሲጀመር ቀሪው 2 ስለሆነ 1 እና 7 ፈጽሞ አይፈቀዱለትም። ስምንት አሃዝ የሚደርሱት ቁጥሮች በሙሉ አምስት ናቸው፤ 23399339፣ 29399999፣ 37337999፣ 59393339 እና 73939133። በ2 የሚጀምሩትንና በ5 የሚጀምረውን ተመልከቱ፤ ከፊተኛው አሃዝ በኋላ 3 እና 9 ብቻ ናቸው። በ3 የሚጀምረው ግን 7 ሁለት ጊዜ ገብቶበታል፤ ከቀሪ 0 ስለተነሣ ሁለት ዕድል ነበረው፤ ሁለቱንም ተጠቅሞባቸዋል።

ቀሪን ይዞ ድርሻን መተው ለእኛ አገር እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመተ ዓለሙን ለ19 ሲያካፍሉ ድርሻውን ትተው የሚይዙት ቀሪውን ነው፤ ለፋሲካ ስሌት የሚያገለግሉት ወንበርና አበቅቴ የሚወጡት ከዚያ ነው። እኔም ተማሪዎቼን ስለ ቀሪ ሳስተምር ከዚያ ነበር የምጀምረው፤ ከመጽሐፉ ምሳሌ ይልቅ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ማወቅ ስለሚያጓጓቸው።


የግዕዝ አኃዝ ወዳጅ መለሰ፦

የተባለው ሁሉ መልካም ሆኖ ሳለ፣ አንድ ነገር ሳይለይ እንዳያልፍ እሰጋለሁ። ብቸኛነት የቁጥሩ የራሱ ጠባይ ነው። ከቀኝ መቆረጥ ግን የአጻጻፉ ጠባይ ነው። ሁለቱ በአንድ ላይ ተቀላቅለው ሲቀርቡ ሰው በቁጥሩ ውስጥ አንዳች ምሥጢር ያለ ይመስለዋል።

ይህንኑ ቁጥር በግዕዝ አኃዝ ብንጽፈው ፸፫፻፺፫፼፺፩፻፴፫ ይሆናል። ሰባ ሦስት መቶ ዘጠና ሦስት እልፍ፣ ከዚያ ዘጠና አንድ መቶ ሠላሳ ሦስት ማለት ነው። አሁን የመጨረሻውን ምልክት ፫ን ሰርዙት፤ የሚተርፈው 73939130 ነው እንጂ 7393913 አይደለም፤ እሱም በ10 የሚካፈል ስለሆነ ከብቸኛነት ወጣ። በግዕዝ አኃዝ ዜሮ ስለሌለና ምልክቱ ዋጋውን የሚያገኘው በቆመበት ቤት ስላልሆነ፣ «የመጨረሻውን አሃዝ መቁረጥ» የሚለው ሐሳብ ራሱ ቦታ የለውም። ቁጥሩ ግን ያው ቁጥር ነው፤ ብቸኛነቱም ያው ነው።

ኮምፒዩተር በሚጠቀምበት፣ 0 እና 1 ብቻ ባሉት የሁለትዮሽ አጻጻፍም እንዲሁ ነው። በዚያ አጻጻፍ የማንኛውም ቁጥር የመጀመሪያ አሃዝ 1 ነው፤ 1 ደግሞ ብቸኛ ቁጥር አይደለም። ስለዚህ በሁለትዮሽ እስከ አንድ አሃዝ ተቆርጦ ብቸኛ ሆኖ የሚዘልቅ ቁጥር አንድም የለም። እኛ 73939133ን ያደነቅነው አሥር ጣት ስላለን ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።


ጡረተኛው መምህር ዳግም መለሰ፦

የተከበሩ ወዳጄ የግዕዝ አኃዙን ማንሣታቸው ትክክል ነው፤ ነጥባቸውንም እቀበላለሁ። በአሥር ቤት አጻጻፍ ላይ የተመሠረተ ጠባይ መሆኑ ግን ጥያቄውን ከንቱ አያደርገውም፤ የቼዝ ሕግም ሰው የሠራው ነው፤ በሕጉ ውስጥ ያለው ማሸነፍና መሸነፍ ግን እውነት ነው።

እንዲያውም ከግራ መቁረጥና ከቀኝ መቁረጥ ያላቸው ልዩነት ብዙ ያስተምራል። የእኛ ቁጥር ከግራ ሲቆረጥ ወዲያው ይወድቃል፤ ጭራው 33 ነውና 33 ደግሞ 3 ጊዜ 11 ነው። ከግራ እየተቆረጡ፣ ዜሮ ሳይገባባቸው፣ ብቸኛ ሆነው የሚዘልቁ ቁጥሮች ግን 4260 ናቸው፤ ትልቁም 24 አሃዝ ያለው 357686312646216567629137 ነው። ከቀኝ የሚቆረጡት ደግሞ በጠቅላላው 83 ብቻ ናቸው። ልዩነቱ የመጣው ከግራ የሚጨመረው አሃዝ 1፣ 2፣ 3 እያለ እስከ 9 ማንኛውም ሊሆን ስለሚችል ነው፤ ከቀኝ የሚጨመረው ግን ቀደም ብዬ እንዳልኩት ከ1፣ 3፣ 7 እና 9 አይወጣም። በሁለቱም አቅጣጫ ቢቆረጡ የማይወድቁት 15 ሲሆኑ ትልቁ 739397 ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት አሃዞቹ 73939 መሆናቸውን አስተውሉ፤ ከእኛው ቁጥር ጋር እስከ አምስተኛው ቤት አብሮ መጥቶ ከዚያ የተለየ ቁጥር ነው።


የሳይንስ ፋኩልቲው ተማሪ መለሰ፦

ጋሼ የጠየቁት ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ቁጥር ማለቂያ ሳይኖረው «ከዚህ የሚበልጥ የለም» የተባለበት ምክንያት፣ ገና አልተመለሰም። መልሱ ከሚጠበቀው በላይ ቀላል ነው። ዘጠኝ አሃዝ ያለው እንዲህ ያለ ቁጥር ቢኖር ኖሮ፣ የመጨረሻው አሃዙ ሲቆረጥ ከአምስቱ ባለስምንት አሃዝ ቁጥሮች አንዱን መስጠት ነበረበት። ስለዚህ ማለቂያ የሌላቸውን ቁጥሮች መፈተሽ አያስፈልግም፤ አምስቱን ብቻ አንድ አሃዝ ማስረዘም ይበቃል። መምህሩ ባስረዱት መንገድ ብንሄድ፣ አምስቱም ለ3 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 2 ስለሆነ 1 እና 7 አይገቡባቸውም። ለእያንዳንዳቸው የሚተርፉት እጩዎች 3 እና 9 ብቻ ናቸው። አምስት ጊዜ ሁለት አሥር ነው። በሙሉው ዓለም ለዚህ ጥያቄ የቀሩት ቁጥሮች አሥር ብቻ ናቸው ማለት ነው፤ አሥሩም ብቸኛ ሆነው አልተገኙም። ዘጠኝ አሃዝ ላይ ከጠፉ ደግሞ አሥር አሃዝ ላይ ሊኖሩ አይችሉም።

የእኛን ቁጥር ብንወስድ እጩዎቹ 739391333 እና 739391339 ናቸው። የመጀመሪያው ለ127 ሲካፈል 5821979 ደርሶ ምንም አይተርፍም። በረጅም ማካፈል ከሠራችሁት 73939133 ላይ ስትደርሱ ቀሪው 114 ይሆናል፤ ቀጥሎ 3 ሲወርድ 1143 ይሆናል፤ እሱም 9 ጊዜ 127 ነው። ሁለተኛው እንዲህ በቀላሉ አይሰበርም፤ እሱም ግን ብቸኛ አይደለም።

ከዚህ በኋላ የምለው ማረጋገጫ ሳይሆን ግምት ነው፤ ቢሆንም ሳየው በጣም የገረመኝ ክፍል ነው። እንዲህ ያሉ ቁጥሮችን በአሃዛቸው ብዛት ስንቆጥራቸው ባለአንድ አሃዝ 4፣ ባለሁለት 9፣ ባለሦስት 14፣ ባለአራት 16፣ ባለአምስት 15፣ ባለስድስት 12፣ ባለሰባት 8፣ ባለስምንት 5 ናቸው። እስከ አራት አሃዝ እየጨመሩ ይወጣሉ፤ ከዚያ ይወርዳሉ። ለምን አራት ላይ?

የሒሳብ ሊቁ ጋውስ በወጣትነቱ እንዳስተዋለው፣ በኋላም በ1896 እ.ኤ.አ. ሌሎቹ ሊቃውንት አዳማርና ደ ላ ቫሌ ፑሳን ለየብቻቸው እንዳረጋገጡት፣ በአንድ ትልቅ ቁጥር አካባቢ ያሉ ብቸኛ ቁጥሮች ድርሻ አንድ ለዚያ ቁጥር ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ያህል ነው። በሺህ አካባቢ ከሰባት አንድ፣ በመቶ ሚሊዮን አካባቢ ከአሥራ ስምንት አንድ፣ በቢሊዮን አካባቢ ከሃያ አንድ አንድ ገደማ ማለት ነው። እኛ ግን ማንኛውንም ቁጥር አይደለም የምንፈትነው፤ በ2፣ በ3 እና በ5 የማይካፈሉትን ብቻ ነው። ከተከታታይ 30 ቁጥሮች እንዲህ ያሉት 8 ብቻ ስለሆኑ፣ ዕድሉ በ30 ሲካፈል ለ8፣ ማለትም በ3.75 እጥፍ ያድጋል። አንድ ቁጥር ሁለት እጩዎች ካሉት የሚጠበቁት ልጆቹ፣ ማለትም ከቀኝ አንድ አሃዝ ሲጨመርበት ብቸኛ የሚሆኑት፣ ብዛት 7.5 ሲካፈል ለሎጋሪዝሙ ነው። ይህ ከአንድ የሚያንሰው ቁጥሩ ከ1800 ገደማ ሲያልፍ ነው። ይኸውላችሁ፤ ከአራት አሃዝ በኋላ ቤተሰቡ ራሱን መተካት ያቅተዋል። ቆጠራው የሚለውም ያንኑ ነው።

ይሁን እንጂ በስምንት አሃዝ ላይ መቆሙ በከፊል የዕጣ ነገር ነው። በመጨረሻዎቹ አሥር እጩዎች የእያንዳንዱ ዕድል ከአምስት አንድ ገደማ ስለነበር፣ አሥሩም የሚወድቁበት ዕድል ከስምንት አንድ ያህል ነበር። አንዱ ወይም ሁለቱ ቢያልፉ ኖሮ ልጁ በደረሰኙ ጀርባ ላይ የሚጽፍልዎ ሌላ ቁጥር ይሆን ነበር። ቆይቶ ማለቁ ይጠበቅ ነበር፤ እዚህ ላይ ማለቁ ግን አይደለም።

ለመጠን ያህል፣ ከመቶ ሚሊዮን በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 5761455 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ከቀኝ ቢቆረጡ የማይወድቁት እነዚያው 83 ብቻ ናቸው።


የፒያሳው ሒሳብ ሠራተኛ መለሰ፦

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ማኪያቶውን ከፍያለሁ፤ ልጁ ኬክም ጨምሮ አስከፍሎኛል። 7393ንም እስከ 83 ድረስ ፈትኜ ጨርሻለሁ፤ የተማሪው ትዝብት ስላልተመቸኝ ነው። ሳላስበው የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ በሥራዬ ላይ ለዓመታት ያለቀሪ የተካፈለውን ሒሳብ ብቻ እየፈለግሁ ቀሪውን እንደ ስሕተት ስቆጥረው መኖሬን ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል። የግዕዝ አኃዙ ወዳጃችን «1 ብቸኛ ቁጥር አይደለም» ብለው በአንድ ቃል አልፈውታል። እኔ ግን በአንዳንድ የቆዩ መጻሕፍት ውስጥ 1 ከብቸኛ ቁጥሮች ጋር ተቆጥሮ ማየቴን አስታውሳለሁ። 1 ቢቆጠር ኖሮ ሰንሰለቱ አይረዝምም ነበር ወይ?


ጡረተኛው መምህር መለሰ፦

በትክክል አስታውሰሃል። እስከ ሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ 1ን ከብቸኛ ቁጥሮች የሚቆጥሩ የሒሳብ ሊቃውንት ነበሩ። የተተወበት ዋናው ምክንያት እያንዳንዱ ቁጥር በብቸኛ ቁጥሮች ብዜት የሚጻፍበት መንገድ አንድ ብቻ ነው የሚለው ትልቅ ሕግ እንዳይፈርስ ነው። 1 ከተቆጠረ 6ን 2 ጊዜ 3፣ ወይም 1 ጊዜ 2 ጊዜ 3፣ ወይም 1 ጊዜ 1 ጊዜ 2 ጊዜ 3 እያልን ያለ ገደብ ልንጽፈው ነው።

ሰንሰለቱን በተመለከተ ግምትህ ትክክል ነው። በ1 መጀመር ቢፈቀድ 1፣ 19፣ 197፣ 1979 ብለን እስከ 1979339339 ድረስ እንሄዳለን፤ አሥር አሃዝ ማለት ነው። በዚህም ላይ የ3ን ሕግ ፈትሽበት። ከ1 ስንነሣ ቀሪው 1 ነው፤ 7 አንድ ጊዜ በሦስተኛው ቤት ገባ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ከ3 እና ከ9 በቀር ምንም የለም።


የፒያሳው ሒሳብ ሠራተኛ መለሰ፦

ፈትሼዋለሁ፤ እንዳሉት ነው። 739391339ን ደግሞ ከትናንት ጀምሮ በምሳ ሰዓት ይዤዋለሁ። እስከ 127 ድረስ ሄጃለሁ፤ ለ127 ስካፍለው የተረፈኝ 6 ነው። ነገ ከ131 እቀጥላለሁ፤ አካፋዩን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አትንገሩኝ።